የዕለት ቍጥርና የዕለት መልክ

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ሳንካበር፣ ወደ ጊጭና ወደ ጨነቅ ዘልቆ በመጨረሻ ከራስ ደጀን ግርጌ ወደምትገኘው ወደ አምቢኮ የሚወስደውን ጉዞ የሚጀምረው፣ በደባርቅ ካለው ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አውጥቶ፣ መንገድ መሪና ስካውት ተመድቦለት፣ በቅሎ ከነነጂው ተከራይቶ ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ዕለት በአንድ ስፍራ መገናኘት አለባቸው፤ ያችም ዕለት ብዙ ጊዜ ከወራት አስቀድሞ ባሕር ማዶ በተቀመጠ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ተጽፋ፣ በአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት በኩል አልፋ፣ በደባርቅ በመንገድ መሪው ስልክ ላይ ተመዝግባ፣ ለበቅሎው ባለቤት ግን በቃል ብቻ ተነግራ የምትደርስ ናት። በአራት እጅ ያለፈችው ዕለት ስትነሣ እንደ ነበረች ሆና ትደርሳለችን? የዚህ ምዕራፍ ነገር ይህ ነው።

ባሕር ማዶ ያለው ሰው በካላንደሩ ላይ «11/02/2026፣ 8:00» ብሎ ጻፈ እንበል። ጸሓፊው እንግሊዛዊ ወይም ፈረንሳዊ ከሆነ ቀንን ከወር ያስቀድማልና ፌብሩዋሪ 11 ማለቱ ነው፤ ይህም በእኛ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። አሜሪካዊ ከሆነ ግን ወርን ከቀን ስለሚያስቀድም ኖቬምበር 2 ማለቱ ነው፤ ይህም ጥቅምት 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል 264 ቀን አለ፤ የሰሜን ተራሮች ክረምትም ከነዝናቡና ከነጭጋጉ በዚያ መካከል ያልፋል። ወሩን በቍጥር ብቻ የሰማ የደባርቅ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ወር ጥቅምት ብሎ ቢቆጥር የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነውና። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጻፊው በጠዋቱ 2 ሰዓት ለመነሣት አስቦ የጻፈውን 8:00 በቅሎ ነጂው ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጎ ቢረዳው፣ ፈረንጁ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ተነሥቶ ሲጠብቅ ይውላል። በተገላቢጦሹ፣ መንገድ መሪው የካቲት 4ን «4/6/2018» ብሎ ቢልክ፣ ተቀባዩ አውሮፓዊ ከሆነ ጁን 4፣ አሜሪካዊ ከሆነ ኤፕሪል 6 ብሎ ያነባል፤ ዓመቱም ለሁለቱም ካለፈ ብዙ ጊዜ የሆነው ነው። እዚህ ላይ ከተሳተፉት ሰዎች አንድም እንኳ የተሳሳተ የለም፤ ሁሉም በአገሩ ሥርዓት በትክክል ጽፎአል፣ በአገሩም ሥርዓት በትክክል አንብቦአል።

ብዙ ሰው ይህን የመሰለውን ችግር የሁለት ዘመን አቆጣጠሮች ጠብ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ስለዚህም መድኃኒቱ ከሁለቱ አንዱን መተው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዕለት ራሷ አንድ ነገር ናት፤ ዕለት በጽሑፍ የምትታይበት መልክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ በራስ ደጀን ላይ የወጣችባት ያች ዕለት ለሮማም ለአክሱምም ለቴህራንም አንዲት ናት፤ የሚለያየው እያንዳንዱ አገር በሰሌዳው ላይ የሚጽፍላት ስምና ቍጥር ነው። የኮምፒዩተር ካላንደር በሚገባ ተሠርቶ እንደሆነ ይህን ልዩነት በውስጡ ጠብቆ ይይዛል፤ የዕለቷን ቍጥር በአንድ ወገን፣ መልኳን በሌላ ወገን ያኖራል። በሚገባ ካልተሠራ ግን መልኳን ብቻ ያስቀምጥና ዕለቷን ያጠፋታል።

በአብዛኞቹ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ውስጥ ጊዜ የሚሰፈረው ወርና ዓመት በሚባል ነገር አይደለም፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ይህም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሆነችው ሐሙስ ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ያለ ስም በመቍጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚያች ሐሙስ 20,342 ቀን በኋላ የዋለች ዕለት ናት። ይህን ቍጥር ለሰባት ቢያካፍሉት ምንም ሳይተርፍ ስለሚያልቅ፣ ያ እንቍጣጣሽ ሐሙስ ዋለ ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ወደዚያው ዕለት በሌላ መንገድ ይደርሳሉ፤ በ2018 ላይ 5,500 ጨምረው ዓመተ ዓለሙን 7,518 ይላሉ፣ ይህን ለአራት አካፍለው መጠነ ራብዒቱን 1,879 ያወጣሉ፣ ሁለቱን ደምረው 9,397ን ለሰባት ይገድፋሉ፣ ሦስትም ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ፣ ሦስት ሲተርፍ ሐሙስ ነውና ጥንተ ዕለቱ ሐሙስ ሆኖ ይገኛል። በብራና ላይ የተማረው መምህርና በሽቦ ውስጥ የሚቈጥረው መሣሪያ ምንም ሳይተዋወቁ በአንዲት ሐሙስ ላይ መገናኘታቸው፣ ከሁለቱም ሥር ያለው የዕለታት ቈጠራ አንድ በመሆኑ ነው። ናኩም ደርሾዊትዝና ኤድዋርድ ሬይንጎልድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት የዘመን አቆጣጠሮች ስሌት መጽሐፍ ውስጥም የኢትዮጵያ አቆጣጠር በዚሁ መንገድ ተቀምጦአል፤ የዓመተ ምሕረት የመጀመሪያው ዕለት በዩልዮስ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 8 ተብሎ ከተተከለ በኋላ፣ የቀረው ማባዛት፣ ማካፈልና መደመር ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን በመሆናቸውም የእኛ ስሌት ከግሪጎርዮሱ ይልቅ ቀላል ነው።

እንግዲህ የቀን አጻጻፍን መለወጥ ማለት፣ ከውስጥ ያለውን የዕለት ቍጥር ሳይነኩ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን መልክ መቀየር ማለት ነው። ይህ ሥራ ቀላልና ያለ ጉዳት የሚሆነው ግን ፕሮግራሙ በውስጡ ያስቀመጠው ቍጥሩን ሲሆን ብቻ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራበት ልማድ ከዚህ የራቀ ነው፤ ጸሓፊው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ግን የጻፈለትን ሁሉ በግሪጎርዮስ እንደ ተጻፈ አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ ቢያስገባ ፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜን 3ንም «3/13» ብሎ ቢያስገባ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። እነዚህ መልካም ስሕተቶች ናቸው፤ ሰውየውን ያስቆሙታልና። ክፉው ስሕተት ጥቅምት 12 ነው፤ «12/2» ተብሎ ሲገባ ፕሮግራሙ በጸጥታ ይቀበለውና ፌብሩዋሪ 12 አድርጎ ያኖረዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው የትኛው ረድፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ የሚለይበት ምልክት አያገኝም።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ወደ ዳባት መመለስ ይበቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝቡን ልደትና ሞት ፍልሰትንም የሚከታተል የጥናት ጣቢያ አለው። እንዲህ ባለ መዝገብ ውስጥ የሚገባው የልደት ቀን ከእናት አፍ የሚወጣ ነው፤ እናትም ብዙ ጊዜ «በአስተርእዮ ማርያም ማግስት» ብላ ትናገራለች፣ ይህም ጥር 22 ነው። ልጇ በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ቢሆን ትክክለኛው የግሪጎርዮስ ቀን ጃንዋሪ 30 ቀን 2018 ነው። አንድ ቸኩሎ የሚሠራ መዝጋቢ ግን ዓመቱን ብቻ ለውጦ ወሩንና ቀኑን እንዳለ ቢተው፣ 22/5/2018 ይሆንና ሕፃኑ ሜይ 22 እንደ ተወለደ ይቈጠራል። በአገራችን የክትባት ሥርዓት አንዳንዱ ክትባት በተወለዱ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጥ ነውና፣ በስድስተኛው ሳምንት መጋቢት 4 ቀን የተከተበው ያ ልጅ በመዝገቡ ላይ ሳይወለድ የተከተበ ሆኖ ይገኛል። ተመራማሪው ይህን ረድፍ ሲያይ ሐሰት ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ከእርሱም ጋር የእናቲቱ እውነተኛ ቃል ይጣላል።

በጎ ምሳሌ ደግሞ አለን፣ እርሱንም በደስታ እጠቅሳለሁ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ያካሄዳቸው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች፣ የልደትና የጋብቻ ቀኖችን ተጠያቂዎቹ በተናገሩበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰብስበው እንዳለ አስቀምጠዋል። በዚህ ዓይነት ጥናት ወራት ከ1900 ጀምሮ በተራ ስለሚቈጠሩ፣ የእኛን መረጃ ከሌላ አገር ጋር ለማነጻጸር የሚፈልግ ተመራማሪ በእያንዳንዱ የወር ቍጥር ላይ 92 ይጨምራል፤ 92 ወር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነውና። ይህ ከቀን እስከ ቀን የሚደርስ ጥራት የለውም፣ ጳጉሜንም በአሥራ ሁለት ወር ሥርዓት ውስጥ ራሷን የቻለች ስፍራ አታገኝም፤ ነገር ግን ጠያቂው የሰማውን ጽፎአል፣ ስሌቱም አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ፣ በታወቀ ደንብ ተፈጽሞአል። በየወረዳው ያለ መዝጋቢ ሁሉ በልቡ እያሰላ ቢመዘግበው ኖሮ ስሕተቱ በየእጁ ልዩ ልዩ ይሆን ነበር።

አሁን ደግሞ ስልኮቻችንና ኮምፒዩተሮቻችን የቀንን መልክ ከየት እንደሚያገኙት ልመልከት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ይኸው የዩኒኮድ ማኅበር ሲኤልዲአር በሚባለው መዝገብ ውስጥ የየአገሩን የወር ስሞች፣ የቀን አጻጻፍና የቍጥር ልማድ እየሰበሰበ ያስቀምጣል። ስልክ የሚሠሩም፣ ፕሮግራም የሚጽፉም ኩባንያዎች ከዚህ መዝገብ ይቀዳሉ። በውስጡ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱም ወራት በስማቸው አሉ፤ ዓመተ ምሕረትም ዓመተ ዓለምም ራሳቸውን የቻሉ ሁለት አቆጣጠሮች ሆነው ተመዝግበዋል። ታዲያ ቋንቋውን አማርኛ ያደረገ ሰው በስልኩ ላይ «ፌብሩዋሪ» የሚለውን በፊደላችን ተጽፎ የሚያየው ለምንድር ነው? በዚሁ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ አገር የሚመርጠው አቆጣጠር በቅደም ተከተል የሚጻፍባት ሠንጠረዥ አለች፤ በእርስዋ ላይ ለታይላንድ የቡድሃ አቆጣጠር በፊት፣ ግሪጎርዮሱ በኋላ ተቀምጦአል፤ ለኢራንም የፋርሱ አቆጣጠር በፊት ነው። ለኢትዮጵያ ግን የግሪጎርዮሱ አቆጣጠር በፊት፣ የኢትዮጵያው በኋላ ሆኖ ተጽፎአል።

መንግሥት በጀቱን ከሐምሌ 1 ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 በሚቈጥርበት፣ ትምህርት ቤት በመስከረም በሚከፈትበት፣ ገበሬው በሰኔ በሚዘራበት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳሯን በየዕለቱ በምታነብበት አገር ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሠንጠረዧ በጥንቃቄ ሊለወጥ የሚገባው ነው፤ ጥንቃቄ የምለውም፣ ቀንን እንደ ተጻፈ በሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች ላይ መልኩ በድንገት ቢለወጥ ሁሉን ስለሚያናውጥ ነው። እስከዚያው ድረስ ምርጫው በእያንዳንዱ ሰው እጅ ሊሆን ይገባል፤ ስልክ የያዘው የደባርቅ መንገድ መሪ ወራቱን በራሱ አቆጣጠር እያየ፣ ለእንግዳው የሚልከው መልእክት ግን በእንግዳው አቆጣጠር እንዲደርስ ሆኖ ሊሠራለት ይቻላል፣ በመካከላቸው የሚሄደው ቍጥሩ ነውና። በወረቀት ላይ ለሁለቱም የሚታተም ከሆነ ወሩ በስሙ ይጻፍ፣ ዓመቱም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ይኑረው፤ ወር በቍጥር ብቻ እንዳይጻፍ ከማንም በላይ ለሰሜን ተራሮች መንገድ መሪዎች እመክራለሁ።

መልክ ከመለወጥ የሚበልጥ ጥልቅ ነገር ግን አለ፣ እርሱም ተደጋግሞ የሚመጣ ቀን ነው። በደባርቅና በዳባት አጥቢያዎች፣ እንዲሁም በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ፣ ማኅበርተኛ የሚጠጣው ጽዋ በወር በወር በቅዱሱ ቀን የሚውል ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ። በዋሽንግተን የሚኖር የሚካኤል ማኅበርተኛ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 22 እንደ ዋለ አይቶ፣ በስልኩ ላይ «በየወሩ በ22» ብሎ ቢያስቀምጥ፣ የጥቅምት ሚካኤል በ22 ይውልለታል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ግን በ21፣ የጥር በ20፣ የየካቲት በ19፣ የመጋቢት እንደገና በ21፣ የነሐሴም በ18 ይውላል። «በየ30 ቀኑ» ብሎ ቢያስቀምጠው እስከ ነሐሴ ድረስ ሳይሳሳት ይሄዳል፤ ከዚያ ግን ጳጉሜን በመካከል ገብታ በአምስት ቀን ታስቀድመዋለች፣ ስልኩም የመስከረምን ሚካኤል በመስከረም 7 ያስታውሰዋል። ከዚህ ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ ድግግሞሹ ራሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ እንዲሆን። የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት 7529ኛ ሰነድ ለዚህ መንገድ ከፍተዋል፤ በዚያ ደንብ መሠረት አንድ ቀጠሮ የሚደጋገመው በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ሊጻፍ ይችላል፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አሥራ ሦስተኛ ወርም የሚታወቅ ሆኖአል። ደንቡ ግን ፕሮግራም ጸሓፊዎች ካልሠሩበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለማኅበርተኛው የሚጠቅም ካላንደር ለመሥራት የሚነሣ የአገሬ ወጣት መጀመሪያ ሊያነበው የሚገባው እርሱን ነው።

በግእዝ አኃዝ ለማሳየት ለሚሻ ሰው ደግሞ ጥቂት ልበል። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ አምስተኛውን ቀን «05» ብሎ በሁለት ቤት የሚሞላ የአጻጻፍ ደንብ በእርሱ አይሠራም፤ ዓመቱም 2018 ሲሆን ፳፻፲፰ ተብሎ አራት ምልክት፣ 2000 ሲሆን ግን ፳፻ ተብሎ ሁለት ምልክት ብቻ ይሆናል። ስፍራውን በቤት ቍጥር የወሰነ መስኮት ይህን አይችልም።

የሰዓት ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቀናችን ከንጋት ይጀምራል፣ ሌሊታችንም ከምሽት፤ ስድስት ሰዓት መጨመር ወይም መቀነስ ብቻ ይመስላል፣ ስለዚህም አንዳንዱ የስልኩን የሰዓት ክልል በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቢያዞረው ሰዓቱ የሚስተካከልለት መስሎ ሊታየው ይችላል። እንዲህ ያደረገ እንደሆነ ግን መልኩን አላስተካከለም፣ ውስጡን አጠፋ እንጂ፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ የስልኩ ቀን ገና የትናንቱ ይሆናል፣ ከሌላ ሰው ጋር የተያዘ ቀጠሮ ሁሉም ይዛባል። ከደባርቅ በሌሊት ለሚነሣ መንገደኛ ይህ የአንድ ቀን ስሕተት ነው። ሰዓታችንን በሚገባ የሚያሳይ ፕሮግራም የሰዓት ክልሉን በምሥራቅ አፍሪካ ላይ እንዳለ ትቶ፣ በሚያሳይበት ጊዜ ብቻ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አለበት።

የበዓላት ስሌት ደግሞ ፕሮግራም ጸሓፊው ባሕረ ሐሳብን ከመጠየቅ የማያመልጥበት ስፍራ ነው። ልደት ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል። ምክንያቱም ከመጋቢት 29፣ ከፅንሰቱ በዓል፣ እስከ ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሊሆን ይገባልና፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ያች አንዲት ቀን ከታኅሣሥ ላይ ትቀነሳለች። በግሪጎርዮሱ አቆጣጠር ሲታይ በእኛ ዘመን ልደት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ይውላል፣ የ2020 ዓ.ም. ልደትም ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ማንኛውም የኢትዮጵያ ካላንደር ወደ ሰው እጅ ከመድረሱ በፊት በእነዚህ ዕለታት መፈተን አለበት።

ከዚያም ራቅ ያለ አንድ ፈተና አለ። ግሪጎርዮሳውያን እ.ኤ.አ. በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘልላሉ፤ እኛ ግን አራት ዓመት በሞላ ቍጥር ጳጉሜን ስድስት ከማድረግ አናቋርጥም። ከዚያ በኋላ እንቍጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 መዋሉ ይቀርና ሴፕቴምበር 12፣ በዘመነ ዮሐንስም 13 ይሆናል፤ የ2093 ዓ.ም. ልደት ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በግሪጎርዮሱ ጃንዋሪ 8 ቀን 2101 ይውላል። በውስጣቸው የዕለትን ቍጥር የያዙ ፕሮግራሞች ይህን ያለ ማንም እርዳታ ያገኙታል፤ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብለው በቋሚነት የተጻፉት ግን ከዚያች የፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ የአገሪቱን ዕለታት ሁሉ በአንድ ቀን እያዛቡ ይሄዳሉ።